የቡናን ተባይ በመርዝ ስለ ማጥፋት፤ ከባሕር የተገኘ የሒሳብ ምክር



የዲላና የጌዴኦ አገር ሀብት ቡናው መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ከእንሰት ጋራ ተሰባጥሮ የሚበቅልበት ይህ የአባቶች እርሻ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ ተባይ በታየ ቍጥር አትክልቱ ሁሉ መርዝ ይረጭ የሚል ምክር ሲቀርብ፣ እሺ ከማለታችን አስቀድሞ ሒሳቡን መመርመር ይገባናል።

ሒሳቡ የተገኘው ከባሕር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1918 በነበረው ጦርነት ምክንያት በአድርያቲክ ባሕር ዓሣ ማስገር ቀንሶ ነበር። ኡምቤርቶ ዳንኮና የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ የፊዩሜን ገበያ መዝገብ ቢመረምር፣ ሻርክና የሻርክ ወገን የሆኑት ሌላውን ዓሣ የሚበሉ ዓሦች በ1914 ከመቶ 12 ያህል የነበሩት በ1918 ከመቶ 36 ደርሰው አገኘ። ማስገር ሲቀንስ በዪው ከተበዪው ይልቅ ስለ ምን ተጠቀመ? ይህን የሒሳብ ሊቁ ቪቶ ቮልቴራ በ1926 ገለጠው። በሒሳቡ መሠረት የተበዪው አማካይ ብዛት የሚወሰነው በራሱ መራባት ሳይሆን በበዪው ሞት ነው፤ የበዪው ብዛት ግን በተበዪው የመራባት ፍጥነት ይወሰናል። ስለዚህ ሁለቱን ባንድነት የሚገድል ነገር ሲጸና ተበዪው ውሎ አድሮ ይበዛል፣ በዪው ግን ያንሳል። ገዳዩ መረብ ቢሆን ወይም መርዝ ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።

ይህም በተግባር ታይቷል። በካሊፎርኒያ የብርቱካንን ዛፍ ያጠፋ የነበረውን ተባይ ከ1888 ጀምሮ ከአውስትራልያ የመጣች ትንሽ ጥንዚዛ በልታ አስታግሣው ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት ዲዲቲ ሲረጭ ግን ጥንዚዛዋ ስላለቀች ተባዩ ተመልሶ በዛ።

የእኛም ቡና እንደዚሁ ጠባቂዎች አሉት። የቡናን ፍሬ የሚመጠውን አንቴስቲያ የተባለውን ተባይ ደቃቅ ተርቦች እንቍላሉን እያጠፉ ይቀንሱታል። መርዝ ግን ወዳጅን ከጠላት አይለይም።

እርግጥ ነው፣ ይህ ቀላል ሒሳብ የአትክልትን ነገር ሁሉ አይገልጽም፤ ተባዩ በጸናበት ስፍራም መድኃኒት አይነካ አንልም። ነገር ግን አስቀድሞ ተባዩ ይቈጠር፤ የታፈነው ቡና ይገረዝ፤ መርዙም ግድ ሲሆን በተጐዳው ዛፍ ላይ ብቻ ይረጭ። ይልቁንም እናንተ ሹማምንት የሠራተኛውን ትጋት በረጨው መርዝ ብዛት አትመዝኑ፤ ቈጥሮ ባመጣላችሁ የተባይ ቍጥር መዝኑት እንጂ። ያለ ቍጥር የሚረጭ ሰው፣ የሚከፍለው ገንዘብ ለጠላቱ ስንቅ እንዳይሆን ያስፈራል።