የቤት ዕቃ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓጓዝ፤ የሸማቹ መብትና ኃላፊነት

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቀው መስመር በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ የኦሮሚያ ከተሞችን ያስተሳስራል። በሥራ ዝውውር፣ በትምህርት ወይም በንግድ ምክንያት መኖሪያውን የሚቀይር ቤተሰብ ለዓመታት ያፈራውን ንብረት በአንድ አይሱዙ ላይ ጭኖ በዚህ መስመር ይጓዛል። ለጉዞው ዋስትና የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልክ የተደረገ የቃል ስምምነት ብቻ ነው።

በተለመደው አሠራር ባለንብረቱ በቅድሚያ የሚያገኘው ደላላን ነው። ደላላው ከአሽከርካሪ ጋር ያገናኘዋል፤ የመጫኑንና የማውረዱን ሥራ ደግሞ ሌሎች ይሠሩታል። ዕቃ ሲሰበር ወይም ሲጎድል አሽከርካሪው በጫኞቹ፣ ጫኞቹም በአሽከርካሪው ያሳብባሉ፤ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። ችግሩ የሕግ አለመኖር ሳይሆን ማን ምን ግዴታ እንደገባ የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ በመደራደሩ ምክንያት እንዲገዛ ያለመገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ እንዲሁም ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ነጋዴው ለሸጠው አገልግሎት ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ያስቀምጣል። አንቀጽ 1764 ደግሞ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ የአንዱ ተዋዋይ ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና እንደሚቆይ ይገልጻል። ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ መጨመርን ምክንያት በማድረግ መንገድ ላይ በተናጠል የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ሸማቹን አያስገድድም። ይህን በፍርድ ቤት ለማስረዳት ግን የተስማሙበት ዋጋ በጽሑፍ ሊኖር ይገባል።

ከመጫኑ በፊት

ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ በሁለት ቅጂ የተዘጋጀና የተፈረመበት አንድ ገጽ ይበቃል። የተዋዋዮቹ ስምና አድራሻ፣ የተሽከርካሪው ታርጋ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ ሰፈር፣ የመጫኛና የማስረከቢያ ቀን፣ ጠቅላላ ዋጋና የአከፋፈሉ ሁኔታ፣ ለጉዳት ተጠያቂ የሚሆነው ወገን ማንነት ሊሰፍሩበት ይገባል። የዕቃዎቹ ዝርዝርም ከነብዛታቸውና ከነነበሩበት ሁኔታ ይያያዛል። የንግድ ፈቃድን፣ የአሽከርካሪውን መንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪውን ሊብሬ ማየት ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ስላለው ብቻ የተጫነው ዕቃ መድን አለው ማለት እንዳልሆነም ልብ ሊባል ይገባል።

አዘውትሮ ውዝግብ የሚያስነሳው የጫኝና አውራጅ ክፍያ ነው። ዕቃው ከተጫነ ወይም መድረሻው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ድርድር ባለንብረቱን አማራጭ ያሳጣዋል። በመሆኑም የሁለቱም ከተሞች የጫኝና አውራጅ ዋጋ በማን እንደሚሸፈን አስቀድሞ በውሉ መወሰን አለበት። በዛቻ የተገኘ ስምምነት በሕግ ሊፈርስ እንደሚችል ማወቅም ያስፈልጋል።

የሸማቹ ኃላፊነት

መብት ኃላፊነትን ያስከትላል። ባለንብረቱ የሚጫነውን ዕቃ ዓይነትና መጠን ሳይደብቅ መግለጽ፣ ተሰባሪ ዕቃዎችን በአግባቡ ማሸግና ምልክት ማድረግ፣ በሚጫንበትና በሚወርድበት ጊዜ መገኘት ወይም ወኪል ማቆም ይጠበቅበታል። ራሱ በጉድለት ባሸገው ዕቃ ላይ ለደረሰ ጉዳት አጓጓዡን መጠየቅ አዳጋች ነው። ገንዘብ፣ ወርቅ፣ የትምህርትና የይዞታ ማስረጃዎች ከጭነቱ ጋር ሊላኩ አይገባም። ክፍያውን ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ መፈጸምም አይመከርም።

ጉዳት ሲደርስ

ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ዕቃው ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል፤ ጉድለቱም በሰነዱ ላይ ይመዘገባል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀጥሎ ግዴታውን እንዲፈጽም ለአጓጓዡ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። በስምምነት ካልተፈታ ሸማቹ ውሉን፣ ደረሰኙንና ፎቶግራፉን ይዞ አቤቱታውን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ፣ ለካሳም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል።

የቤተሰብን ንብረት ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሰነድ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም፤ መዘጋጀት ያለበት ግን የመጀመሪያው ዕቃ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ነው።