የአለመለካት ዋጋ፦ የፋብሪካ ልቀት አቈጣጠርና የአየር ንብረት ሕግ

የአየር ንብረት ሕግ ሲወጣ የሕዝብን ዐይን የሚስበው ግቡ ነው፤ እስከዚህ ዓመት ድረስ ልቀት በዚህን ያህል በመቶ ይቀንሳል የሚለው ቃል በየዜናው ይነገራል፣ በየጉባኤው ይደገማል። የሕጉ ጉልበት ያለው ግን ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ በሚያነቧቸው አባሪዎቹ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ነዳጁን በምን ሚዛን እንደሚመዝን፣ ናሙና ከየት እንደሚወስድ፣ ቤተ ሙከራውን ማን እንደሚመረምር፣ መረጃ ሲጎድል ቦታው በምን ቁጥር እንደሚሞላ የሚወስኑት እነዚህ አባሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ አንድ ፋብሪካ ልቀቱን ባይለካ ምን እንደሚከፍል የሚተምነው ነው፤ የአለመለካት ዋጋ ርካሽ ከሆነ ለመለካት የሚደክም አይገኝም፣ ያለ ጠባቂ እጅግ ከተወደደ ደግሞ የሐሰት ልኬት ይፈለፈላል።

ሲሚንቶ ጉዳዩን በቅርብ ለማየት ይመቻል፤ ጋዝ የሚወጣው ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከጥሬ ዕቃው ከራሱም ነውና። የተፈጨው የኖራ ድንጋይ እቶን ገብቶ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ካልሲየም ካርቦኔቱ ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው ካልሲየም ኦክሳይድ ከሸክላ አፈርና ከሌሎች ማዕድናት ጋር በ1,450 ዲግሪ አካባቢ ተዋሕዶ ክሊንከር የሚባለውን፣ ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ጠጠር መሰል ውጤት ይሰጣል። በአብዛኞቹ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሆነው ከዚህ ኬሚካላዊ ለውጥ የመጣ ነው። የአንድ ቶን ክሊንከር 65 በመቶው ካልሲየም ኦክሳይድ ቢሆንና ይህም በሙሉ ከካርቦኔት የተገኘ ቢሆን፣ የሁለቱ ሞለኪውሎች የክብደት ንጽጽር 44 ለ56 ስለሆነ 510 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም የማግኒዚየምን ድርሻ ጨምሮ ለአንድ ቶን ክሊንከር 0.525 ቶን የሚል የልቀት ምጣኔ፣ ማለትም ለአንድ መለኪያ ምርት የሚታሰብ የጋዝ መጠን፣ አስቀምጧል።

ስሌቱ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ ወደ ስሌቱ የሚገባው ቁጥር ግን ከሚዛን ይመጣል። በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር የሚያመርት እቶን በዓመት 330 ቀን ቢሠራና የማጓጓዣ ቀበቶው ሚዛን ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ 2.5 በመቶ አሳንሶ ቢያነብ፣ ከቈጠራ ውጭ የሚቀረው ጋዝ 13,000 ቶን ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ቶን ልቀት ዋጋ 70 ዩሮ በሆነበት ገበያ ይህ ከ900 ሺህ ዩሮ ይበልጣል። ሚዛኑን በየጊዜው የሚያስተካክለው ቴክኒሻን የያዘው ሥራ እንግዲህ ከጥገናም ከሒሳብም የሚቈጠር ነው።

ብዙዎች ከስሌት ይልቅ በጭስ ማውጫው ላይ መሣሪያ ተክሎ በቀጥታ መለካት ጥርጣሬን ሁሉ የሚያስወግድ ይመስላቸዋል። አሜሪካ በ1990 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የንጹሕ አየር ሕጓን ስታሻሽል የአሲድ ዝናብን ለመግታት ስትል ይህንኑ ለኃይል ማመንጫዎች ግዴታ አድርጋለች፤ የዚያ ሥርዓት ልምድም ለኋላው የካርቦን ቈጠራ መሠረት ሆኗል። ይሁን እንጂ በጭሱ ውስጥ ጋዙ ስንት እጅ እንደሆነ ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን ጭሱ በሰከንድ ምን ያህል እንደሚፈስ ማወቅ ሌላ ነው፤ አስቸጋሪውም ሁለተኛው ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተሽከረከረ በሚወጣበት ሰፊ ማውጫ ውስጥ ግፊትን እያነበበ ፍጥነትን የሚናገረው ፒቶ የተባለው ቱቦ የጎንዮሹን እንቅስቃሴ ከሽቅቡ ጋር ደምሮ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይህን ስሕተት ለማጥናት ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኘው ግቢው የጭስ ማውጫ አምሳያ እስከ መሥራት የደረሰው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስሌትም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ትልቁም የድንጋይ ከሰል ናሙና ነው። ከክምሩ አናት በአካፋ የተነሣ ከሰል ክምሩን አይወክልም፤ አናቱ በፀሐይ ደርቋል፣ ደቃቁ ወደ ታች ወርዷል፣ ጎኑን ዝናብ መትቶታል። ስለዚህ የናሙና አወሳሰድ ደረጃው ከሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ በየተወሰነ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ፣ እየተፈጨና እየተከፈለ፣ በመጨረሻም እርጥበት በማያስወጣ ዕቃ ታሽጎ ወደ ቤተ ሙከራ እንዲሄድ ያዛል። መቶ ቶን ከሰል 12 በመቶ እርጥበት ይዞ ተመዝኖ፣ ቤተ ሙከራው ደግሞ በደረቅ ናሙና 60 በመቶ ካርቦን አገኘሁ ቢልና ሒሳብ ሠሪው እርጥበቱን ሳይቀንስ ሁለቱን ቢያባዛ፣ ትክክለኛው 193.6 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሳለ 220 ቶን ይመዘገባል። በዚህ ውስጥ ያጭበረበረ የለም፤ ሁለት ሐቀኛ ቁጥሮች ያለ ቦታቸው ተገናኝተው ሐሰት ወለዱ።

የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ገበያ በ2005 ሥራ ሲጀምር መንግሥታት ጋዝ ለመልቀቅ የሚያስችሉትን ፈቃዶች ያደሉት ፋብሪካዎቹ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚለቁ የተረጋገጠ መረጃ ሳይዙ ነበር። በ2006 የጸደይ ወራት የመጀመሪያው ዓመት የተረጋገጠ ልቀት ይፋ ሲሆን ከታደሉት ፈቃዶች ማነሱ ታወቀ፤ የፈቃድ ዋጋም በጥቂት ቀናት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። ዛሬ ያለው ደንብ ከዚያ ተነሥቶ ብዙ ተጉዟል። ፋብሪካዎችን በልቀታቸው መጠን ይመድባል፤ በዓመት ከ500,000 ቶን በላይ የሚለቁት እጅግ ጥብቅ በሆነው ደረጃ ይለካሉ። በነዳጅ መጠን ላይ የሚፈቀደው የስሕተት ወሰን፣ ማለትም የተመዘገበው ቁጥር ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት ልክ፣ በዝቅተኛው ደረጃ 7.5 በመቶ ሲሆን በከፍተኛው 1.5 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ዝቅተኛው መውረድ የፈለገ ፋብሪካ ከፍተኛው በቴክኒክ የማይቻል ወይም ወጪው ከጥቅሙ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ማስረዳት አለበት። የደንቡ ብልኅነትም እዚህ ላይ ነው፤ ፍጹም ልኬት እንደማይገኝ አምኖ ስሕተትን ይለካል፣ የማስረዳት ሸክሙንም በለቃቂው ላይ ይጥላል።

የቻይና ልምድ ግን ሸክም መጣል ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል፤ ምናልባትም ለሌሎች አገሮች ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ይኸው ነው። በሐምሌ 2021 ግብይት የጀመረው የቻይና ብሔራዊ የካርቦን ገበያ በመጀመሪያ ያካተተው የኃይል ማመንጫዎችን ሲሆን፣ የሚያቃጥለውን ከሰል የካርቦን ይዘት በራሱ ያላስመረመረ ማመንጫ ሕጉ ባስቀመጠለት ተተኪ ቁጥር እንዲሰላለት ይደነግግ ነበር። ተተኪው ቁጥር በአንድ ጊጋጁል ሙቀት 33.56 ኪሎ ግራም ካርቦን ነበር፤ የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ ለተለመደው ቢትሚነስ ከሰል ከሚሰጠው 25.8 ኪሎ ግራም ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ይበልጣል። ሐሳቡ ማመንጫዎችን ወደ ምርመራ መግፋት ነበር፤ ተገፉም። ነገር ግን አንድ የምርመራ ወረቀት የዓመቱን ሒሳብ በሩብ ያህል ሊያቀልል በሚችልበት ሁኔታ፣ ወረቀቱ ራሱ ሸቀጥ ሆነ። በመጋቢት 2022 የአገሪቱ የሥነ ምኅዳርና አካባቢ ሚኒስቴር በናሙናና በምርመራ ውጤት ማጭበርበር የወነጀላቸውን አራት የማማከርና የምርመራ ድርጅቶች በይፋ አጋለጠ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ተተኪው ቁጥር ወደ 30.85 ዝቅ ተደረገ፤ ከግንቦት 2024 ጀምሮ ደግሞ መረጃ በሚፈበርኩ ላይ ከባድ ቅጣት የሚጥል የመንግሥት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ያሳዝናል፤ ቅጣቱና ቊጥጥሩ ከውዱ ተተኪ ቁጥር ጋር አብረው ቢወለዱ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገብ በጥርጣሬ ባልተበላ ነበር።

በነዳጅና በተፈጥሮ ጋዝ ዘርፍ የታየው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ፣ የርካሽ ተተኪ ቁጥር ጉዳት ነው። ቫልቮችንና መጋጠሚያዎችን ቈጥሮ በአማካይ ቁጥር የሚያባዛ አሠራር ጋዝ የሚያፈተልክባቸውን ጥቂት ትላልቅ ቀዳዳዎች ያሳልፋል፤ ሚቴን ከተባለው ጋዝ አብዛኛው የሚወጣው ግን ከእነርሱ ነው። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በአሜሪካ የነዳጅና ጋዝ አቅርቦት ሰንሰለት የሚወጣው ሚቴን የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከመዘገበው በ60 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አመልክቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የሚቴን ደንብ አማካይ ቁጥሮችን በቦታው በተወሰደ ልኬት ደረጃ በደረጃ እንዲተኩ የሚያስገድደውም ይህ ክፍተት በመታወቁ ነው።

ተተኪ ቁጥር ድንበር ሲሻገር ጥያቄው የፍትሕም ይሆናል። ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ልቀት ላይ ዋጋ የሚጥለው የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ካርቦን ማስተካከያ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሪፖርት ብቻ ቈይቶ በጥር 2026 ወደ ክፍያ ግዴታ ተሸጋግሯል፤ ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ሃይድሮጂንንና ኤሌክትሪክን ይመለከታል። ልቀቱን በታወቀ ደረጃ ለክቶ ያላረጋገጠ የውጭ አምራች በተተኪ ቁጥር ይሰላለታል። የበለጸገ አገር ፋብሪካ ይህን እንደ ምርጫ ያየዋል፤ እውቅና ያለው ቤተ ሙከራና አረጋጋጭ በቅርብ በማይገኝበት አገር ላለ ፋብሪካ ግን ቅጣት ነው። የአለመለካት ዋጋ በለቃቂው ላይ ይውደቅ የሚለው መርሕ የሚጸናው ለመለካት በሚችለው ላይ ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚተምነው ወገን የመለኪያውን አቅም ለመገንባት እጁን ካልዘረጋ መርሑ ተራ ቀረጥ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ቡናና አበባ በዚህ ሕግ አይነኩም፤ ሲሚንቶዋም የሚሸጠው በአመዛኙ በአገር ውስጥ ነው። ቢሆንም አገሪቱ በ2011 ባወጣችው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው ልቀት፣ በነበረው አካሄድ ቢቀጥል በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምታ ባለበት ለማቈየት ቃል ገብታለች። ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመነጭ የኢንዱስትሪዋ ልቀት ጎልቶ የሚታየው በሲሚንቶ እቶኖች ነው፤ በ2024 የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ መጀመሩም ይህን ያጎላዋል። እዚህ ላይ የቈጠራው ዘዴ ልዩነት ያመጣል። ኢትዮጵያውያን ፋብሪካዎች ፖዞላና ሲሚንቶ ሲሠሩ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘውን ፑሚስ ከክሊንከር ጋር ይቀላቅላሉ፤ 70 በመቶ ክሊንከር ያለው ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋዩ ብቻ በቶን 0.37 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስወጣ 95 በመቶ ያለው 0.50 ቶን ገደማ ያስወጣል። በሲሚንቶ ቶን ላይ የተመሠረተ ወጥ አማካይ ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል፤ በክሊንከር ላይ የተመሠረተ ቈጠራ ግን ለፋብሪካው የሚገባውን ይሰጠዋል።

ሥራው ከባዶ አይጀመርም። የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሚዛኖችን፣ የኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት ደግሞ ቤተ ሙከራዎችን ለመመርመር የተቋቋሙ ናቸው። አስቸኳዩ ነገር ጊዜ ነው፤ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ከሰል እየተኩ ሲሆን፣ የአመድና የእርጥበት መጠኑ ስለሚለያይ ለአንዱ የተሠራ የልቀት ምጣኔ ለሌላው አይሠራም። ከአሁኑ በየጭነቱ ናሙና ወስዶ ማስመርመርና ውጤቱን መዝግቦ ማቈየት ካልተጀመረ፣ ነገ አንድ ፋብሪካ ልቀቴን ቀንሻለሁ ቢል የሚያነጻጽርበት መነሻ አይኖረውም፤ የተቃጠለውን ከሰል መልሶ ማስመርመር አይቻልምና ለእነዚያ ዓመታት የሚቀርለት ሌላ ሰው የመረጠለት ተተኪ ቁጥር ብቻ ይሆናል።