ደሙ የት ሄደ?

አንዲት አያት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ምራቴ የበኩር ልጇን ከወለደች ስምንት ወር ሆናት። የሦስት ወሩን መርፌ ጀምራለች። በመጀመሪያ ሰሞን ደሙ ባልታሰበ ቀን ጠብ ጠብ እያለ አስቸገራት፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ሆዷ ውስጥ ተጠራቅሞ በሽታ እንዳይሆንባት ፈርቻለሁ። መርፌውን ተይው ልበላት?»

እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከእናቶችም ከባሎችም ስሰማ ኖሬአለሁ። መልሱን ላስቀድም፤ ደሙ የትም አልተጠራቀመም።

ማህፀን በየወሩ ለጽንስ መኝታ የሚሆን ሽፋን ያዘጋጃል። ጽንስ ካልተፈጠረ ሽፋኑ ይፈርስና ከደም ጋር ይወርዳል፤ የወር አበባ የምንለው ይኸው ነው። የመርፌው ሆርሞን ይህ ሽፋን እንዳይወፍር ያደርጋል። ካልተዘራ ማሳ አዝመራ አይጠበቅም። መጀመሪያ ላይ የታየው ጠብታ የሳሳው ሽፋን ሳይረጋ ሲቀር የሚመጣ ነው። መርፌውን አንድ ዓመት ያህል ከተጠቀሙ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባ አያዩም። ብቻ ምራትዎ ቀጠሮዋን ሳታዛንፍ ተወግታ እንደሆነ ትጠየቅ፤ ቀኑ ብዙ ካለፈ እርግዝና መመርመር ተገቢ ነው።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበሩትም፣ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለው ኢምፕላኖንም ሆነ ለአምስት ዓመት የሚያገለግለው ጃዴል፣ ደሙን ያዛባሉ። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጠብታ ሊያሳይ ይችላል፤ እየረሱ መዋጥም ያንኑ ያመጣል። ስለዚህ ከራት በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት ብሎ ሰዓት መቁረጥ ይረዳል።

ከደሙ ሌላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡት መወጠር፣ የስሜት መለዋወጥ ይኖራል። ፊት ላይ ማድያት የሚያወጣባቸውም አሉ። አብዛኛው በጥቂት ወራት ይቀንሳል። መርፌው ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ በአማካይ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ነው። «መካን ያደርጋታል» የሚባለው ግን ሐሰት ነው። መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይፈጅባታል፤ በክንድ የተቀበረው ሲወጣ ግን ወዲያው ማርገዝ ትችላለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደሙ ካስቸገራት መድኃኒቱን በራሷ ከማቋረጥ በፊት ወደ ሰጧት ጤና ጣቢያ ትመለስ። ባለሙያው ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ሊያዝላት ይችላል፤ ጨጓራ ካለባት አስቀድማ ትንገር። የምትወስደውን ሌላ መድኃኒትም አትደብቅ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የኪኒኑንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ያዳክማሉ። ጨርሶ ካልተስማማት ዘዴ ይቀየርላታል። ሆርሞን የሌለው ሉፕ አንዱ አማራጭ ነው፤ እሱ ደግሞ የወር አበባን ሊያበዛ እንደሚችል አውቃ ትምረጥ።

እኔን የሚያስፈራኝ ደሙ መጥፋቱ ሳይሆን «ተይው» የሚለው ቃል ነው። አማት ሲናገሩ ምራት አይሆንም ለማለት ይከብዳታል። መርፌውን ትታ በምትኩ ምንም ካልያዘች፣ ሰውነቷ ሳይጠግን፣ ሕፃኑም ጡት ሳይጠግብ ሌላ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ሳይሞላ እንዳታረግዝ የሚመክረው ለእናትም ለልጅም ብሎ ነው። አንዳንዶች ደግሞ መርፌውን ትተው በፖስት ፒል ይተማመናሉ። እሱ ለድንገተኛ ጊዜ እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ራሱም የወር አበባን ቀን ያዛባል።

ሳይውል ሳያድር የሚያስሄዱ ምልክቶችም አሉ። ሞዴስ በየሰዓቱ እየራሰ የሚያስቀይር ደም፣ ከስምንት ቀን በላይ የሚፈስ ብዙ ደም፣ ማዞርና መገርጣት፣ በአንድ በኩል የሚያጣድፍ የሆድ ሕመም። ኪኒን ለምትወስድ ሴት ደግሞ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ ያለበት ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን። የደም ግፊት ያለባት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏት ሲጋራ የምታጨስና ከስድስት ወር በታች ሕፃን የምታጠባ ሴት ሁለት ሆርሞን ያለበትን ኪኒን መጀመር የለባትም። የጎረቤት ኪኒን ተበድሮ መዋጥ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ «ተይው» ከሚሏት ይልቅ «ልጁን እኔ ልያዝልሽ፣ ሄደሽ ጠይቂ» ይበሏት። ከፈቀደችም አብረዋት ይሂዱና ጥያቄዎን ራስዎ ለባለሙያው ያቅርቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለአያቶች ልጨምር። የእኛ ደም ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ ጠብታም ብትሆን ተመልሳ ከታየች ዝም አትባልም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ስለ ልጆቻችን ደም የምንጨነቀውን ያህል ለራሳችንም እንመርመር።