አጃቢ ሲጠበቅ ቀጠሮ እንዳያልፍ

ከቤታቸው ርቀው ብቻቸውን መንገድ መጀመር የሚያስፈራቸው እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። በተለይም መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሲሆን ፍርሃቱ ይበረታል። በምትኖርበት ከተማ ገበያውን፣ መሥሪያ ቤቱንና የልጆቿን ትምህርት ቤት ስትመላለስበት የኖረች፣ ደመወዟን አብቃቅታ ቤት የምታስተዳድር ሴት፣ «አዲስ አበባ ሂጂ» ስትባል «ማን ይዞኝ ይሄዳል?» ትላለች። እንዲህ ማለቷ አያስነቅፋትም። ሰው በማያውቀው ቦታ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው አጃቢ ሲጠበቅ ጉዳዩ መበላሸቱ ነው።

ጉዳዩ የዘመድ ጥየቃ ቢሆን ለከርሞ ቢተላለፍ ግድ የለም። ሕክምና ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአገራችን ሴቶችን በብዛት ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚዎቹ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም ቀደም ብለው ሲደረስባቸው ሕክምናው ይቀላል፣ የመዳን ተስፋውም ይሰፋል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ በሌሎች ከተሞችም መሰጠት ቢጀምርም፣ «ወደ አዲስ አበባ ሂጂ» የሚል የሪፈራል ወረቀት የሚጻፍላቸው እናቶች አሁንም ብዙ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዲት የዲላ ነዋሪ የሆነች የሦስት ልጆች እናት አጋጥማን ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ወረቀቱ ከተጻፈላት በኋላ ባለቤቷ የሥራ ፈቃድ እስኪያገኝ አንድ ወር ጠበቀች። እርሱ ሳይሳካለት ሲቀር፣ ወንድሟ የቡናው ለቀማ እስኪያበቃ ሁለት ወር ጨመረች። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቷ «ልጄ፣ እብጠቱ እኮ ፈቃድም ቡናም አይጠብቅም» ቢሏት 360 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ብቻዋን ተያያዘችው። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት ዛሬ ክትትሏን ራሷ እየተመላለሰች ታደርጋለች። ይሁንና ሐኪሟ መጀመሪያ ያሏት «ምነው ይህን ያህል ቆየሽ?» ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራሽ ምን ነበር ብለን ብንጠይቃት፣ ሌባው ሳይሆን በታክሲ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮኹ እንደነበር ነገረችን።

እንግዲህ ፍርሃት እንዲህ ነው፤ በጥቅሉ ሲያዩት ተራራ ያክላል፣ ሲዘረዝሩት ግን እያንዳንዱ መልስ አለው። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዘው የሚያስፈራዎትን ሁሉ በተራ ይጻፉት።

የመጀመሪያው ጥያቄ የት ልወርድ ነው የሚለው ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አይገባም። እንደመጣበት አቅጣጫ ቃሊቲ፣ ላምበረት፣ አስኮ ወይም አየር ጤና የሚያራግፍ አለ። ስለዚህ ቲኬት ሲቆርጡ መውረጃዎን ይጠይቁ፣ ለሚቀበልዎት ዘመድም ያንኑ ይንገሩ። ቲኬቱን ከደላላ ሳይሆን ከመስኮቱ ይግዙ። የሚነሡበትን ሰዓት ሲመርጡም በቀን ብርሃን መድረስዎን ያረጋግጡ። የማያውቁት ከተማ ሲመሽ እጥፍ ይሰፋል።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። አዲስ አበባ በ11 ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ብትሆንም፣ ሰዉ የሚግባባው በሰፈር ስምና በታወቀ ምልክት ነው። «ሳሪስ፣ ከእገሌ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት» የሚለው አነጋገር ከቤት ቁጥር ይልቅ ቶሎ ያደርሳል። አድራሻውንና የዘመድዎን ስልክ በወረቀት ይጻፉት። የእጅ ስልክ ባትሪ ያልቃል፣ ሊሰረቅም ይችላል፤ ወረቀት ግን አይጠፋም። የሪፈራል ወረቀቱንና የመታወቂያዎን ቅጂ አስነሥተው ከዋናው ለይተው ይያዙ።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የእናቶቻችን መቀነት ዛሬም ጊዜ ያላለፈበት ካዝና ነው። ለታክሲና ለምሳ የሚሆነውን ዝርዝር ብር በእጅ ቦርሳ፣ ቀሪውን በመቀነት ወይም በውስጥ ኪስ ያድርጉት። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ደግሞ ብሩን ሁሉ ተሸክሞ መሄድ ግዴታ አይደለም። የምሥጢር ቁጥሩን ግን «ልርዳሽ» ላለ ሁሉ አይንገሩ።

ከመናኸሪያው ወጥተው ወደ መሀል ከተማ ለመግባት የከተማ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ እንዲሁም መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አለ። ሚኒባስ ሲይዙ የሚወርዱበትን ስም ለረዳቱ አስቀድመው ይንገሩት፣ አጠገብዎ ለተቀመጠችውም ሴት ይጠቁሟት። የዲላዋ እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። «ወራጅ አለ!» ብላ የጮኸችላት ጎኗ የተቀመጠች የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። በተጨናነቀ ተሽከርካሪ ውስጥ ቦርሳን ከፊት ማቀፍም እንዳይረሳ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ይሁን እንጂ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው መንገድ የሚጠይቀው አያገኝም። መካከለኛው ዘዴ ይህ ነው፦ እርስዎ መርጠው የጠየቁት ሰው ይምራዎት እንጂ እርስዎን መርጦ የመጣ ሰው አይምራዎት። ትራፊክ ፖሊስን፣ በሱቁ ውስጥ የተቀመጠ ባለ ሱቅን፣ ልጅ ይዛ የምትሄድ እናትን ይጠይቁ። ሻንጣዎን ካልያዝኩልዎ የሚልዎትን ግን አመስግነው ይለፉ። ልብስዎ ላይ አንዳች ነገር አፍስሶ «ልጥረግልዎ» የሚል፣ ወይም «ወርቅ ወድቆ አገኘሁ፣ እንካፈል» የሚል ሰው የቆየ የሌባ ብልሃት ይዞ የመጣ ነው። ችግር ከገጠመ የፖሊስ ስልክ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ልብ ይበሉ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የምትልኩ እናቶችም፣ በመናኸሪያ ቆመው «ሥራ አለ፣ ማደሪያም አለ» ስለሚሉ ደላሎች አስቀድማችሁ ምከሯት።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጠዋትና ማታዋ ይቀዘቅዛል። ከቆላ የሚመጣ ሰው ሹራብ ወይም ጋቢ ሳይዝ አይምጣ። በሐኪም ቤት ወረፋ በማለዳ ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የቤተሰቡ ድርሻ ነው። ብዙ እናቶችን የሚያስቀራቸው የከተማው ስፋት ብቻ ሳይሆን «ቤቱስ? ልጆቹስ?» የሚለው ሐሳብ ጭምር ነው። አብሯት መሄድ ያልቻለ ባል ልጆቹን አብልቶ፣ አጥቦና ትምህርት ቤት አድርሶ ሊጠብቃት ይችላል። ስልክ የሚደዋወሉበትን ሰዓት ቀጥረው ቢለያዩ እርሷም በየደቂቃው አትሳቀቅም። «ብቻሽን እንዴት ትሄጃለሽ?» ከማለት ይልቅ «ምን ላዘጋጅልሽ?» ማለት ይረዳታል።

እናንተ በአዲስ አበባ የምትኖሩ አንባቢያትም ይህን አስቡ። ወረቀት በእጇ ይዛ በመንገድ ዳር ግራና ቀኝ የምትመለከት እናት ስታጋጥማችሁ፣ በአገጫችሁ ወደዚያ ጠቁማችሁ አትለፏት። ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ ከታክሲው ረዳት ጋር አገናኟት፤ ያች ሴት ምናልባት ሦስት ወር ስትፈራው የቆየችውን መንገድ በዚያ ቀን የጀመረች ትሆናለች።

እርስዎም የቀጠሮ ወረቀትዎ አጃቢ እየጠበቀ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ዛሬውኑ አውጥተው ቀኑን ይመልከቱ። አብሮዎት የሚሄድ ሰው ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘም አድራሻውን በወረቀት፣ ብሩን በመቀነት፣ ጥያቄውን በአፍ ይዘው በቀኑ ይነሡ።