ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ አሚጋ ለምን ቢሮ ሳይገባ ቀረ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1985 ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ አሚጋ የተሰኘ አዲስ ኮምፒውተሩን በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር አስተዋወቀ። ዝነኛው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል መድረክ ላይ ወጥቶ የድምፃዊት ዴቢ ሃሪን ምስል በአሚጋው ቀለም ቀባ።

ማሽኑ በእውነትም የሚያስደንቅ ነበር። 4,096 ቀለማት ያውቃል፤ ድምፁ ስቴሪዮ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞችን ባንድ ጊዜ ያሠራል። ያኔ ማኪንቶሽ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። የአሚጋ ዋጋ ደግሞ ያለ ስክሪኑ 1,295 ዶላር።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 1994፣ ኮሞዶር ከሰረ።

የአሚጋ ወዳጆች እስከ ዛሬ ጥፋቱን የሚያላክኩት በማስታወቂያው ላይ ነው። «ኩባንያው መሸጥ አያውቅበትም ነበር» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው የሚነግረን። ሌላውን ግማሽ ለማየት ዓይንን ከሠዓሊው ላይ አንስቶ ወደ ነጋዴው ማዞር ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ የአንድ ትንሽ ድርጅት ባለቤት ስለ ቀለም ብዛት አይጨነቅም። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ሂሳቤን ይሠራልኛል ወይ? ፔሮሌን ይይዝልኛል ወይ? ደብዳቤዬን አሳምሮ ያትምልኛል ወይ? ይህን የሚመልሰው ማሽኑ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ይኼኔ ነው። ማሽን ፈረስ ነው፤ የሚዋጋው ሶፍትዌር ነው።

ይህ ደግሞ በ1985 አዲስ ነገር አልነበረም። በ1979 ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ የዛሬው ኤክሴል አያት፣ በአፕል 2 ላይ ሲወጣ ብዙ ነጋዴ ኮምፒውተሩን የገዛው ፕሮግራሙን ፈልጎ ነው። በ1983 ሎተስ 1-2-3 ለአይቢኤም ፒሲ ያንኑ አደረገለት።

ሎተስ ግን ወደ አሚጋ ዝር አላለም። አሚጋ ሲወጣ ለጽሑፍ የቀረበው ቴክስትክራፍት የሚባል ቀላል ፕሮግራም ነበር። በቢሮዎች የታወቀው ዎርድፐርፌክት የደረሰው በ1987 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ነጋዴ አይጠብቅም!

«ገዢ ስለሌለ ሶፍትዌር አይጻፍም፤ ሶፍትዌር ስለሌለ ገዢ የለም፤ ኩባንያው ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። የዶሮና የእንቁላሉ ጣጣ እውነት ነው። ነገር ግን ያን አዙሪት መስበር የሚችለው ማሽኑን የሠራው ነው። ኮሞዶርስ ምን አደረገ? የአይቢኤም ፕሮግራሞችን የሚያሠራ ሳይድካር የሚባል ተቀጥላ ሠርቶ ለአሚጋ አቀረበ። ይህ ለነጋዴው ምን ይነግረዋል? «ቁም ነገሩ ያለው አይቢኤም ጋ ነው» ብሎ በገዛ አፉ መመስከር ነው። ነጋዴውም ሰማ፤ ሄዶ አይቢኤሙን ገዛ።

ስክሪኑም ሌላ ጉድ ነበረው። ለቢሮ ጽሑፍ በሚመች ጥራት ሲሠራ ምስሉ ይርገበገባል። ለጌምና ለሥዕል ግድ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚያይ የሂሳብ ሠራተኛ ግን ራስ ምታት ነው። ኮሞዶር መፍትሔውን በማሽኑ ውስጥ አብሮ የሠራው በ1990 በወጣው አሚጋ 3000 ነው። አምስት ዓመት!

«አይቢኤም ያልበላው ማን አለ?» የሚለው መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ብዙዎች በዚያ ማዕበል ጠፍተዋል። ይሁን እንጂ ማኪንቶሽ ተርፏል። የተረፈውም በ1985 ፔጅሜከርና ሌዘር ፕሪንተር ይዞ ስለመጣ ነው፤ ጋዜጣና ብሮሹር የሚያዘጋጅ ሁሉ እሱን ለመግዛት ምክንያት አገኘ። አንድ ሥራን ከማንም በላይ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም በቂ ነበር።

የአሚጋው የራሱ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1990 ኒውቴክ የተባለ ኩባንያ ቪዲዮ ቶስተርን ለአሚጋ አወጣ። ያን ጊዜ «የልጆች መጫወቻ ነው» ሲባል የኖረው ማሽን የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ገባ። ባለሙያዎች ገንዘባቸውን ቆጥረው ገዙት። ማሽኑ ያው አሚጋ ነው፤ የተለወጠው የሚሠራው ሥራ መገኘቱ ነው። እንግዲህ አሚጋ ለቁም ነገር አይሆንም የሚለው ከመጀመሪያውም ሐሰት ነበር። የጎደለው እንደ ቶስተር ያለ ነገር ለሂሳብ ክፍሉ ቀድሞ አለመምጣቱ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ኩባንያው ብቻ አይደለም። ማሽኑን አምኖ፣ ለድርጅቱ ብሎ የገዛው ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ይመጣል ሲባል ጠበቀ፤ በመጨረሻ ሁለተኛ ኮምፒውተር ገዛ፤ አሚጋው ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደ።

ዛሬም አዲስ መሣሪያ ሲመረቅ ጭብጨባው ይደምቃል። ገዢ ግን ከማጨብጨቡ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ፈረሱስ መጣ፤ ተዋጊው የታለ?