የአለቃ ገብረ ሐና ቃል በየጉባኤ ቤቱ ይፈለግ

ፎገራ ወልዶ ለመላው ኢትዮጵያ ያበረከታቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና፣ በቅኔና በአቋቋም ከነበራቸው ጥልቅ ዕውቀት ይልቅ በቀልዳቸው ብቻ መታወሳቸው ያሳዝነኛል፤ ቀልዳቸውም ቢሆን አንዱ ጨዋታ በአንዱ አፍ ከመኳንንት ጋር፣ በሌላው አፍ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር እየሆነ ይነገራል።

ቅኔ እንደ መጽሐፍ አርእስት ስለሌለው፣ የሚለየው በዓይነቱ፣ ማለት በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ወይም በስምንት ቤቱ መወድስ፣ ከዚያም በተቀኙበት በዓልና በሰሚው ትዝታ ነው። ስለዚህ የአለቃን ቃል የሚሻ ሰው በገበያ ከሚሸጡት የቀልድ መድበሎች አልፎ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ጉባኤ ቤቶች ይሂድ፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር የሚዞረው ተማሪ ከትምህርቱ ጋር የቀደሙትን ሊቃውንት ጨዋታ ይዞ ይጓዛልና። መሪጌታውን «ከማን ሰሙት? በየትኛው በዓል ተባለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የቃሉንም ልዩነት ሳያርም እንደ ሰማው ይጻፍ።

አጥብቄ የምቃወመው ግን ባለቤቱ ያልታወቀውን ፌዝ ሁሉ በአለቃ ስም መመዝገብን ነው፤ በዚህ ልማድ የሌሎች ባለቅኔዎች ስም ይሰወራል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ቅርብ ነውና፣ አረጋውያኑ መምህራን በሕይወት ሳሉ መቅረጸ ድምፅ ያስያዛቸውን ተማሪዎች ወደየደብሩ ይላክ።