ቢላን በአንድ አይፒ አትቁጠሯት

ልጆቼ፣ ለአፓቺ በሲ የጻፋችሁት ሞጁል ከአንድ አይፒ ጥያቄ ሲበዛ በሩን ይዘጋል። አልስማማም! አድራሻውን ከኮኔክሽኑ "ክላየንት አይፒ" ነው የወሰዳችሁት። ሰርቨሩ ከፕሮክሲ ጀርባ ከሆነ እኮ እሱ የፕሮክሲው አድራሻ ነው፤ አገር ምድሩ እንደ አንድ ሰው ሊቆጠር!

ከ2.4 ወዲህ "ሪኩዌስት ሬክ" ውስጥ "ዩዘርኤጀንት አይፒ" አለላችሁ፤ የሪሞት አይፒ ሞጁል በደንብ ከተዋቀረ የጠያቂውን ይሰጣል። "ኤክስ ፎርዋርደድ ፎር"ን በጭፍን ማመንማ አይታሰብም፣ ማንም የፈለገውን ጽፎ ይልካል።

ይሄ ቢስተካከልም እንኳ፣ በሞባይል ዳታ ብዙ ስልክ አንድ የውጭ አይፒ ሊጋራ ይችላል። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ቢላ ያለ አንድ ልጅ አሥሬ ቢነካካ፣ ጎረቤቱ ምን በደለ? የተፈታኙ መለያ ቁጥር በሊንኩ ከመጣ "አርግስ" ውስጥ ተቀምጧል። አውጡትና ከአይፒው ጋር አብራችሁ ቁጠሩት፤ ጥቂት መስመር ነው።